ከወተት ገበያ እስከ ከብት ንግድ፤ የነገሌ ቦረናና የደቡብ ቆላ ሴቶች ሥራ ለመልሶ ማቋቋም የሚሰጠው ትምህርት

መግቢያ

በድርቅ የተጎዳን ሕዝብ ከሞት ማዳን አንድ ተግባር ነው፤ ከሞት የተረፈው ሕዝብ በራሱ ጉልበት እንዲቆም ማድረግ ግን ሌላና ረዥም ጊዜ የሚወስድ ተግባር ነው። የዕርዳታ ማስተባበሪያና ማቋቋሚያ ኮሚሽን በ1966 ዓ.ም. ሲመሠረት ሁለቱ ተግባሮች በስያሜው ውስጥ ጎን ለጎን መስፈራቸው ያለ ምክንያት አልነበረም። እህል ለማደል ሚዛንና መዝገብ ሊበቃ ይችላል። ለማቋቋም ግን የሕዝቡን አኗኗር፣ በቤት ውስጥ ያለውን የሥራ ክፍፍልና የገበያውን ልማድ ጠንቅቆ ማወቅ ያስፈልጋል።

በደቡብ ቆላማ ወረዳዎች ይህ ዕውቀት ከሚጎድልባቸው ጉዳዮች አንዱ የሴቶች የንግድ ሥራ ነው። ስለ አርብቶ አደሩ ሀብት ሲነገር የሚቆጠረው በሬና ላም ነው፤ ሀብቱን ወደ እህል፣ ወደ ልብስና ወደ ትምህርት ቤት ወጪ የምትለውጠው ሴት ግን በአብዛኛው ሪፖርት ውስጥ ቦታ አይሰጣትም። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ በነገሌ ቦረና፣ በያቤሎ፣ በዱብሉቅና በሞያሌ አካባቢ ሴቶች ከእንስሳትና ከእንስሳት ተዋጽኦ ንግድ ያገኙትን ውጤት፣ የገጠማቸውን እንቅፋትና ከዚህ የሚገኘውን ትምህርት ለመስክ ሠራተኞች ማቅረብ ነው።

አካባቢውና ድርቁ

ነገሌ የጉጂ፣ የቦረናና የሶማሌ አርብቶ አደሮች የሚገናኙባት የገበያ ከተማ ናት። ከእርሷ የሚነሣው መንገድ በፊልቱ በኩል ወደ ዶሎ ይወርዳል፤ በምዕራብ በኩል ደግሞ ያቤሎን፣ ዱብሉቅንና ሜጋን አቋርጦ ሞያሌ የሚደርሰው አውራ ጎዳና የኬንያን ድንበር ይነካል። ዝናቡ በዓመት ሁለት ጊዜ ይጠበቃል፤ ዋናው ከመጋቢት እስከ ግንቦት የሚጥለውና በአገሩ አጠራር ጋና የሚባለው ሲሆን፣ ሁለተኛው ከመስከረም እስከ ኅዳር የሚጥለው ሃገያ ነው። ከሁለቱ አንዱ ሲቀር ችግር ይሆናል፤ ሁለቱ በተከታታይ ሲቀሩ እልቂት ይመጣል። የውሃ ነገር በዚህ አገር ምን ያህል ከባድ እንደ ሆነ በጥር 1966 ዓ.ም. በነገሌ ሠፍሮ የነበረው ጦር በምግብና በውሃ ችግር ምክንያት ማመፁ ብቻ እንኳ በቂ ምስክር ነው።

ቦረና በ1976 እና በ1977 ዓ.ም.፣ እንደገናም ከ1983 እስከ 1985 ዓ.ም. ብርቱ ድርቅ ደርሶበታል። ሰሎሞን ደስታና ሌይን ኮፖክ የተባሉት ተመራማሪዎች ባካሄዱት ጥናት በእያንዳንዱ ድርቅ ከአካባቢው ከብት ከሦስት አንድ እጅ በላይ ማለቁን አሳይተዋል። ጥናቱ ያመለከተው ሌላም ቁም ነገር አለ። ከብቱ በደህናው ዓመት እየበዛ ሄዶ ግጦሹን ሲያጣብብ ቀጥሎ የሚመጣው የዝናብ እጥረት ብዙውን ይጨርሰዋል፤ ከዚያም መንጋው እንደገና መራባት ይጀምራል። በዚህ መውጣትና መውረድ ውስጥ ድሃው ቤተሰብ የሚወድቅበት ጊዜ እንጂ የሚነሣበት ጊዜ እየጠበበ ሄዷል። በ1992፣ በ1998 እና በ2003 ዓ.ም. የደረሱት ድርቆች ይህንኑ አጽንተውታል። ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. ባለው ጊዜ ደግሞ አምስት የዝናብ ወቅቶች በተከታታይ ከሽፈው በቦረና በሚሊዮን የሚቆጠር ከብት አልቋል፤ በዱብሉቅና በሌሎችም ሥፍራዎች ብዙ ሕዝብ ተፈናቅሎ በመጠለያ ሠፍሯል።

ወተቱ የማን ነው?

በቦረናና በጉጂ ልማድ በሬና ወይፈን ወደ ገበያ የሚነዳው ወንዱ ነው። ወተት ግን የሴቷ ግዛት ነው። ላሟን የምታልበው፣ ለጥጃ የሚተርፈውን የምትወስነው፣ ለልጆችና ለእንግዳ የምታካፍለው፣ የቀረውን አጠራቅማ የምትንጠውና ቅቤ የምታወጣው እርሷ ናት። በወተቱና በቅቤው ሽያጭ የሚገኘው ገንዘብም በአብዛኛው በእርሷ እጅ ገብቶ እህል፣ ስኳር፣ ሻይና ቡና ሆኖ ወደ ቤት ይመለሳል። ስለዚህ ማለዳ በነገሌ ወይም በያቤሎ ገበያ የወተት ዕቃዋን ይዛ የምትቀመጠው ሴት ትርፍ ምርት የምትሸጥ ብቻ አይደለችም፤ የቤተሰቡን ቀለብ የምትገዛ ግምጃ ቤት ናት ማለት ይቻላል።

በ1970ዎቹና በ1980ዎቹ ዓ.ም. በቦረና የተካሄዱ የወተት ገበያ ጥናቶች ለመስክ ሠራተኛ የሚጠቅሙ ሁለት ነገሮችን አስገንዝበዋል። አንደኛው የርቀት ጉዳይ ነው። ለከተማ ቅርብ የሆነው ቤተሰብ ትኩስ ወተት ይሸጣል፤ ርቆ የሚኖረው ግን ወተቱ በመንገድ ስለሚበላሽበት ቅቤ አውጥቶ መሸጥን ይመርጣል። ሁለተኛው የሀብት ጉዳይ ነው። ላም የበዛለት ቤተሰብ ወተቱን ጠጥቶ የተረፈውን ሲሸጥ፣ ጥቂት ላሞች ብቻ ያሉት ድሃ ቤተሰብ ግን ከሚያገኘው ወተት ከፍ ያለውን እጅ ለገበያ ያቀርባል። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ በአንድ ሊትር ወተት ዋጋ የሚገዛው እህል ከወተቱ ይልቅ ብዙ አፍ ያጠግባል።

ከዚህ ላይ ሊሰመርበት የሚገባ ጥንቃቄ አለ። የድሃዋ ሴት ወተት ወደ ገበያ በወጣ መጠን ለጥጃውና ለሕፃኑ የሚቀረው ይቀንሳል። የወተት ሽያጭ አደገ ተብሎ በሪፖርት ሲጻፍ ያደገው የማን ወተት እንደ ሆነ መጠየቅ ይገባል። ጥጃው ከከሳ የከርሞዋ ጊደር ትጠፋለች፤ ሕፃኑ ከተጎዳ ደግሞ የተገኘው ገንዘብ በሕክምና ይወጣል።

ሌላው ብዙ ጊዜ የማይስተዋለው ነገር የድርቁ አመጣጥ ነው። ላም ከመሞቷ ብዙ ሳምንታት፣ አንዳንዴም ወራት አስቀድሞ ወተቷ ይነጥፋል። እንግዲህ የሴቷ ገቢ የሚቋረጠው የከብት ሞት በወረዳ ጽሕፈት ቤት መመዝገብ ከመጀመሩ በፊት ነው። በወተት ምትክ ማገዶና ከሰል ተሸክማ ወደ ከተማ የምትገባ ሴት ቁጥር ሲጨምር ድርቁ በቤት ውስጥ ጀምሯል ማለት ነው። የሞተ ከብት ቆጥሮ ዕርዳታ የሚጠይቅ ሠራተኛ ዘግይቷል፤ በገበያ የሚቀርበውን ወተት መጠንና ዋጋ በየሳምንቱ የሚከታተል ሠራተኛ ግን ቀድሞ ያውቃል።

ማኅበራቱ እንዴት ተጀመሩ?

በሰሜን ኬንያ የሚኖሩ አርብቶ አደር ሴቶች ከቦረና ሴቶች ጋር በቋንቋም በአኗኗርም የሚቀራረቡ ናቸው። በዚያ በ16 የሴቶች ማኅበራት ላይ የተደረገ ጥናት ማኅበራቱ በአማካይ 10 ዓመት ያህል የቆዩ መሆናቸውን፣ እያንዳንዱ ማኅበር ሲመሠረት በአማካይ 24 አባላት እንደ ነበሩትና ከእነዚህ ውስጥ 20ዎቹ ያልተማሩ እንደ ነበሩ ገልጿል። ከማኅበራቱ ግማሾቹ በመንግሥት ወይም በዕርዳታ ድርጅት ቀስቃሽነት የተቋቋሙ ሲሆን፣ ግማሾቹ በራሳቸው የተነሡ ናቸው። ሁሉም መተዳደሪያ ደንብና የተመረጡ መሪዎች አሏቸው። ሥራቸው በቁጠባና በብድር ጀምሮ ወደ ንግድ፣ ወደ ልጆች ትምህርትና ወደ እርስ በርስ መረዳዳት የሰፋ ነው።

ከ1992 ዓ.ም. ጀምሮ በቦረና በተካሄደ የአርብቶ አደሮች የምርምርና የሥልጠና ፕሮግራም ከኢትዮጵያ ወገን የተመረጡ ሴቶች ድንበር ተሻግረው እነዚህን ማኅበራት እንዲጎበኙ ተደረገ። የጉብኝቱ ውጤት ከብዙ ስብከት የበለጠ ነበር። የቦረናዋ ሴት የተማረችው ከባለሙያ አልነበረም፤ እንደ እርሷ ላም ከምታልብ፣ እንደ እርሷ ፊደል ካልቆጠረች፣ ይሁን እንጂ ሱቅ ከከፈተችና ልጆቿን ከምታስተምር ሴት ነበር። ከጉብኝቱ መልስ በደቡብ ኢትዮጵያ 59 ማኅበራት ተቋቋሙ። አባላቱ ከ2000 በላይ ሲሆኑ ከአራቱ ሦስት እጅ ያህሉ ሴቶች ነበሩ።

የአመሠራረታቸው ሥርዓት ሊጤን ይገባዋል። በመጀመሪያ ገንዘብ አልታደለም። አባላቱ ከየራሳቸው ጥቂት በጥቂት መቆጠብ ጀመሩ። ከቁጠባው ጎን ለጎን የመጻፍ፣ የማንበብና ሒሳብ የመያዝ ትምህርት ተሰጠ። አባላት ከራሳቸው ቁጠባ ተበድረው መመለስን ከተለማመዱ በኋላ ብቻ ተጨማሪ መነሻ ገንዘብና የገበያ ግንኙነት ተከተለ። ሴቶቹ ፍየልና በግ በመግዛትና በመሸጥ፣ ወይፈን በማድለብ፣ በእህል ንግድና በትናንሽ ሱቆች ተሠማሩ። በሞጆና በቢሾፍቱ ለሚገኙ የሥጋ ላኪ ቄራዎች የሚሆኑ ፍየሎችና በጎች በማኅበር ተሰብስበው እንዲሸጡ የተደረገውም በዚሁ ጊዜ ነው። ከማኅበራቱ መካከል በኅብረት ሥራ ማኅበራት አዋጅ ቁጥር 147/1991 መሠረት ሕጋዊ ሰውነት ያገኙ አሉ። ይህ አዋጅ በኋላ በአዋጅ ቁጥር 985/2009 ተተክቷል።

የንግዱ ስሌት

የእንስሳት ንግድ አትራፊ መሆኑ ብዙ ጊዜ ይነገራል፤ ትርፉ በምን ያህል ቀጭን ክር ላይ እንደ ተንጠለጠለ ግን አይነገርም። ለስሌት እንዲመች ብቻ የተወሰደ አንድ ምሳሌ እንመልከት።

20 አባላት ያሉት ማኅበር በወር 50 ብር በነፍስ ወከፍ ቢያወጣ በወር 1000 ብር፣ በዓመት 12,000 ብር ይሰበስባል። አንዲት አባል 9,000 ብር ተበድራ ሦስት ፍየሎች በ3,000 ብር ሒሳብ ገዛች እንበል። ለሦስት ወር መኖ፣ ጨውና መድኃኒት 900 ብር አወጣች፤ የብድሩ ወለድ ደግሞ 450 ብር ነው። እያንዳንዱን ፍየል በ4,200 ብር ብትሸጥ 12,600 ብር ታገኛለች። ብድሩን፣ ወጪውንና ወለዱን ከፍላ 2,250 ብር ይተርፋታል። ይህ ለአንድ ቤተሰብ መልካም ገቢ ነው።

ነገር ግን ከሦስቱ አንዷ ፍየል ብትሞት የምታገኘው 8,400 ብር ብቻ ስለሚሆን 1,950 ብር ባለዕዳ ሆና ትቀራለች። አንዲት ፍየል ትርፉን ሁሉ በልታ ዕዳ ጥላ ትሄዳለች ማለት ነው። ይህም ብቻ አይደለም። ማኅበሩ በዓመት ከሰበሰበው ገንዘብ ከአራቱ ሦስት እጅ በአንዲት ሴት ትከሻ ላይ ስለ ተጫነ የእርሷ ኪሣራ የሌሎች የ19 ሴቶች ኪሣራ ይሆናል። ከዚህ የሚወጣው መመሪያ ቀላል ነው፤ የመጀመሪያው ብድር ትንሽ ይሁን፣ ለብዙ አባላት ይዳረስ፣ የእንስሳት ክትባትም ከብድሩ ቀን አስቀድሞ ይሰጥ።

ከግመል ወተት ንግድ የሚገኝ ምሳሌ

ከነገሌ በምሥራቅ፣ በፊልቱና በዶሎ አቅጣጫ ግመል በብዛት ይረባል። ግመል ላም በምትነጥፍበት ጊዜ እንኳ ወተት መስጠቷን ስለምትቀጥል በድርቅ ወቅት የሴቶችን ገበያ ለማቆየት ትረዳለች። በኬንያ ኢሲዮሎ ከተማ አኖሌይ በሚባል የኅብረት ሥራ ማኅበር የተደራጁ፣ አብዛኞቹ ሶማሌ የሆኑ ሴቶች የግመል ወተት ከአርብቶ አደሩ ሰብስበውና አቀዝቅዘው በአውቶቡስ ወደ ናይሮቢ፣ ኢስትሊ ወደሚባለው ሠፈር ይልካሉ። ሥራው ታላቅ ፋብሪካ የጠየቀ አይደለም። የጠየቀው የታመነ ሰብሳቢ፣ ንጹሕ ዕቃ፣ ማቀዝቀዣ፣ ሰዓቱን የሚያከብር መኪናና በሌላው ጫፍ ገንዘብ ተቀብላ የምትመልስ እምነት የሚጣልባት ሴት ነው።

በዚህ ሰንሰለት ውስጥ ዋናው ጠላት ብልሽት ነው። የአንዲት ሴት የተበላሸ ወተት ከሌሎች ወተት ጋር ከተቀላቀለ ጭነቱ ሁሉ ይበላሻል። ለማጠብ የሚያስቸግር የፕላስቲክ ጀሪካን በብረት የወተት ዕቃ እንዲተካ ማድረግና በመሰብሰቢያው ቦታ ወተት መመርመር ከብዙ ሥልጠና የሚበልጥ ጥቅም አለው። በባህሉ የወተት ዕቃ በጢስ የሚታጠነው ያለ ነገር አይደለም፤ እናቶች ወተት ሳይበላሽ እንዲቆይ የሚያደርጉበት የቆየ ጥበብ ነው። አዲስ ዕቃ የሚያስተዋውቅ ሠራተኛ ይህን ጥበብ አክብሮ መነሣት ይኖርበታል።

የድርቁ ፈተና

የማንኛውም የማቋቋም ሥራ እውነተኛ ፈተና የሚመጣው በደህናው ዓመት ሳይሆን በክፉው ዓመት ነው። ከላይ የተገለጹት ማኅበራት በተቋቋሙ በጥቂት ዓመት ውስጥ እ.ኤ.አ. ከ2005 እስከ 2008 የቆየ ድርቅ ደረሰ። ተመራማሪዎቹ የማኅበራቱን አባላት አባል ካልሆኑ ተመሳሳይ ቤተሰቦች ጋር አነጻጽረው ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ2011 ሳይንስ በተባለው መጽሔት አውጥተዋል። አባላቱ በኑሮ ሁኔታ፣ በሀብት ክምችት፣ ረሃብን በመቀነስና አደጋን በመከላከል ረገድ ጉልህ መሻሻል አሳይተው ተገኝተዋል። ቀድሞ ከቤት ሥራ ያልወጡ ድሃ ሴቶች የማኅበረሰቡ መሪዎች ሆነዋል። ጥናቱ ከሁሉ በላይ ክብደት የሰጠው ለተከፋፈለው ገንዘብ ሳይሆን ለሰው ችሎታ መገንባት ነበር።

በዚሁ ድርቅ፣ በ1998 ዓ.ም.፣ በሞያሌ ወረዳ ሌላ ትምህርት ተገኝቷል። ሁለት የከብት ነጋዴዎች ብድርና ድጋፍ አግኝተው ከብቱ ከመሞቱ በፊት 20,000 ያህል ከብት ገዙ። 5,405 ቤተሰቦች ከሽያጩ በአማካይ 184 የአሜሪካ ዶላር አገኙ። ለዚህ ሥራ የወጣው የዕርዳታ ገንዘብ በሕዝቡ እጅ 41 እጥፍ ጥቅም እንዳስገኘ ተሰልቷል። ሊሞት ያለውን ከብት በጊዜ ወደ ገንዘብ መለወጥ ምን ያህል እንደሚያዋጣ ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አያስፈልግም። የሚቀረው ጥያቄ ገንዘቡ በማን እጅ ይገባል የሚለው ነው። የከብቱ ዋጋ ለአባወራው ብቻ ሲከፈል፣ ቀድሞ በወተት ገንዘብ ቤቱን ስትቀልብ የነበረችው ሴት የምታዝዝበት ነገር አይኖራትም።

ይሁን እንጂ ስኬቱ ወሰን እንዳለው መደበቅ ተገቢ አይደለም። ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. የደረሰው ድርቅ ከቀድሞዎቹ የረዘመ ነበር። የአንድ ማኅበር አባላት ሁሉ በእንስሳት ንግድ ብቻ ቢሠማሩ፣ ዝናብ አምስት ጊዜ ሲቀር ሁሉም በአንድ ቀን ይወድቃሉ፤ ተበዳሪውም ዋሱም አንድ ዓይነት ባዶ በረት ይታቀፋሉ። በ2004 ዓ.ም. በቦረና የተጀመረው የግጦሹን መድረቅ በሳተላይት ተመልክቶ የሚከፍለው የእንስሳት መድን፣ እንዲሁም ከእንስሳት ውጪ ያሉ የሱቅ፣ የእህልና የእጅ ሥራ ንግዶች ለዚህ ድክመት መድኃኒት እንዲሆኑ የሚታሰቡ ናቸው።

ለመስክ ሠራተኞች የሚሆን መመሪያ

ከላይ ከተዘረዘረው የሚከተሉትን መመሪያዎች ማውጣት ይቻላል።

1ኛ፤ ምዝገባ ሲካሄድ የአባወራው ስም ብቻ አይጻፍ። ወተት የምትሸጥ፣ ፍየል የምትነግድ ወይም ሱቅ ያላት ሴት ሥራዋ ተለይቶ ይመዝገብ። በድርቅ ያጣችው ነገር ካልተጻፈ የሚተካላት ነገር አይኖርም።

2ኛ፤ የወተት ገበያ የማስጠንቀቂያ ምልክት ሆኖ ያገልግል። የወተትና የቅቤ ዋጋ፣ የከሰልና የማገዶ አቅርቦት በየገበያው ቀን ይመዝገብ።

3ኛ፤ በደረቁ ወቅት መኖና ውሃ ሲታደል በቤት አካባቢ ለሚቀሩት ጥገት ላሞች ቅድሚያ ይሰጥ። ወደ ሩቅ ግጦሽ የሚሄደው መንጋ የወንዶች ኃላፊነት ነው፤ ለሕፃናት ወተትና ለሴቷ ገበያ መሠረቱ ግን በቤት የምትቀረው ላም ናት።

4ኛ፤ ቁጠባ ከብድር ይቅደም፤ ትምህርት ከሁለቱም አይለይ። በኬንያ የተጠየቁት ሴቶች ለማኅበር ህልውና ሥጋት ከሚሆኑት መካከል ከውስጥ የሚነሣው አለመግባባትና አለመማር እንደሚገኙበት ተናግረዋል። ሒሳቡን የምታነብ አንዲት ሴት ብቻ ባለችበት ማኅበር ጥርጣሬ ቶሎ ይገባል።

5ኛ፤ በመጠለያ የሠፈሩ ሴቶች ከነባር ማኅበራቸው እንዳይነጠሉ ጥንቃቄ ይደረግ። አብረው የቆጠቡትን ሴቶች በተለያየ ሠፈር መበተን ዓመታት የፈጀውን መተማመን በአንድ ቀን ያፈርሳል።

6ኛ፤ ነባሩ የጎሳ መረዳጃ ሥርዓት ቡሳ ጎኖፋ ከብቱ ላለቀበት ወገን ላም የሚያዋጣ ተቋም ነው። ከብት በመተካት ፕሮግራም ለማን ይሰጥ የሚለውን ለመወሰን ሽማግሌዎቹን ማማከር ይገባል፤ ሴቶችም በምክክሩ ላይ እንዲገኙ ይደረግ።

ማጠቃለያ

የነገሌና የደቡብ ቆላ ሴቶች ንግድን ከማንም አልተማሩም፤ ገበያውን ያውቁታል፣ ሚዛኑንም ያውቁታል። የጎደላቸው መነሻ ገንዘብ፣ ፊደል፣ መንገድና በክፉ ቀን የሚደግፍ እጅ ነው። እነዚህ በተሟሉበት ጊዜ ድሃ የተባለችው ሴት ነጋዴና መሪ ሆና ድርቁን ከጎረቤቶቿ በተሻለ ሁኔታ ስትቋቋም ታይታለች። እነዚህ ባልተሟሉበት ግን ከከሰል ሸክም ወደ ዕርዳታ ሰልፍ ከመሄድ በቀር ምርጫ የላትም። የማቋቋም ሥራም የሚለካው በተሰፈረው ኩንታል ሳይሆን፣ ከሚቀጥለው ሃገያ በኋላ ወተቷን ይዛ ወደ ገበያ በምትመለሰው ሴት ነው።

ለውይይት የሚሆኑ ጥያቄዎች

1. በሚሠሩበት ወረዳ የወተት ሽያጭ ገንዘብ በማን እጅ ይገባል? በምን ላይስ ይውላል?

2. ባለፈው ድርቅ የሴቶች ገቢ የተቋረጠው ዕርዳታ ከመድረሱ ስንት ሳምንት ቀድሞ ነበር? ይህን ለማወቅ የሚያስችል መዝገብ አለ?

3. በጽሑፉ ውስጥ በተሰጠው የሦስት ፍየል ስሌት አንዷ ፍየል ብትሞት ማኅበሩ ኪሣራውን እንዴት ቢካፈል ተበዳሪዋም ማኅበሩም ሳይወድቁ ይቀራሉ?